ለአካቶ ክፍል መምህራን፦ የቅዳሜው ልምምድ

ውድ መምህራን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 ባሕር ዳር ሽምብጥ ባለው የትምህርት ቤታችን የድጋፍ መስጫ ክፍል ተገናኝተን የማስተማሪያ ማስታወሻዎቻችንን ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በኮምፒውተር ድምፅ እንዲያነቧቸው እናስተካክላለን።

ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫና ማስታወሻችሁን በወርድ ፋይል ያዙ። በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበውን ነጻ ፕሮግራም ኤንቪዲኤን (NVDA) በፍላሽ እናመጣለን፤ አብሮት ያለው የድምፅ ማመንጫ ኢስፒክ (eSpeak) አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ፍጥነቱን ስትቀንሱት ይሻላል።

ፎቶ የተነሣ ገጽ ምስል ስለሆነ አይነበብም። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈውም ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልሆነ የሚሰማው ዝብርቅርቅ ነው፤ ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ፈተና እንዲህ ያለ ነውና ከወዲሁ በዩኒኮድ ተይቡት። ርዕስ ማድመቅ ብቻውን አይበቃም፤ ከስታይል ዝርዝር «ሄዲንግ 1»ን ምረጡ። ተማሪው በብራውዝ ሞድ (ቁልፎች ለመጻፍ ሳይሆን በጽሑፉ ውስጥ ለመዘዋወር በሚያገለግሉበት የኤንቪዲኤ አሠራር) «ኤች»ን እየተጫነ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይሄዳል።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ ስማችሁንና የትምህርት ዓይነታችሁን እዚሁ ጻፉልን። ላፕቶፕ የሌላችሁም ንገሩን፣ ከሌላ ጋር እናጣምራችኋለን።