ቅቤው ለምን ቀለጠ?

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ ገና አላባራም፤ እናትሽ የቡናው ማስጫ ጨንቋታል።

የላክንልሽ ቅቤ ድሬዳዋ ሲደርስ ዘይት መስሎ ነበር አልሽን። እናትሽ "ምን ቀላቅላብኝ ነው?" ብላ የሸጠችላትን ሴትዮ ልታፋጥጥ ተነስታ ነበር። ሴትየዋ ምንም አላጠፋችም። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የድሬ ሙቀት ደግሞ እንኳን ቅቤን ሰውንም ያቀልጣል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘይትም ስብ፣ ቅቤም ስብ። ታዲያ ዘይቱ ጅማ ብርድ ላይም ለምን አይረጋም? የሁለቱም ሞለኪውሎች ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለት አላቸው። የቅቤው አብዛኛው ቀጥ ያለ ነው። የዘይቱ ድርብ ቦንድ (ሁለት ካርቦኖች በሁለት ማያያዣ የተያያዙበት) ያለበት ቦታ ላይ ይታጠፋል። ማገዶ ስታስሪ አስቢው፤ ቀጥ ቀጥ ያለው ጥብቅ ብሎ ይታሰራል፣ ጠማማው ክፍተት ይተዋል። ሰንሰለቶቹ በተጠጋጉ ቁጥር ስበታቸው ይበረታል፤ ለማቅለጥም የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ይህ ስበት የሚመጣው ኤሌክትሮኖች ለቅጽበት ወደ አንድ ወገን ሲያጋድሉ ነው። በ1930 ምንጩን ያስረዳው ፍሪትዝ ለንደን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ስለሆነ በስሙ ይጠራል። አንዱ ለብቻው ኢምንት ነው፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ግን ይደማመራል። የሲሊንደሩ ቡታጋዝ፣ ቤንዚኑና የሻማው ሰም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አንዱ ጋዝ፣ አንዱ ፈሳሽ፣ አንዱ ጠጣር የሆኑት በሰንሰለታቸው ርዝመት ነው።

የመፍያ ነጥብ ሰንጠረዥ እየሸመደድሽ እንደሆነ ጽፈሻል። ተይው፣ በከንቱ ትደክሚያለሽ። ማን ከማን ጋር እንዴት እንደሚሳሳብ ከገባሽ ቅደም ተከተሉን ራስሽ ታወጪዋለሽ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው ጋዝ፣ ሞለኪውሉ ከውሃ ሞለኪውል ወደ ሁለት እጥፍ ይከብዳል፤ ግን ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ቀላሉ ውሃ 100 ድረስ የሚጠብቀው በሃይድሮጅን ቦንድ፣ ማለትም የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የጎረቤቱን ኦክስጅን በሚስብበት ስበት፣ ስለተያያዘ ነው።

እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። "ውሃ ሲፈላ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለያያሉ" ብለው የሚጽፉልኝ ተማሪዎች በየዓመቱ አይጠፉም። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ቡና በፈላ ቁጥር ጀበናው በፈነዳ ነበር! እንፋሎቱም ያው ውሃ ነው። የሚላቀቀው በሞለኪውልና በሞለኪውል መካከል ያለው ስበት ብቻ ነው። በሞለኪውሉ ውስጥ አተሞቹን የሚያያይዘው ኮቫለንት ቦንድ ከሃይድሮጅን ቦንዱ ሃያ እጥፍ ገደማ ይጠነክራል፤ የከሰል ምድጃ አይፈታውም።

ደግሞ 100 ዲግሪ የሚባለው በባሕር ጠለል ነው። እዚህ ጅማ ውሃ 94 አካባቢ ይፈላል፤ እናንተ ዝቅ ስለምትሉ 96 ገደማ። ስበቱ ያው ነው፣ የአየሩ ግፊት ነው የሚለያየው። ባቄላ እዚያ ቶሎ ይበስልልሻል።

አሁን የላክነው ማር ከረጋብሽ ስኳር ገብቶበታል ብለሽ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ሌላ ጠብ ታስነሽብናለሽ። ግሉኮሱ ከውሃው እየተለየ ክሪስታል ስለሚሠራ ነው። ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው እንጂ እሳት ላይ እንዳትጥጂው።

አባትሽ
ጅማ