ያልተሟላ ወረቀት አንልክም ያልነው ለምን እንደሆነ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን ለአሜሪካ ኢሚግሬሽን ለሚላክ ፋይል «ወረቀቱ ሳይሟላ ተርጉመን አንሰጥም» ስላልን ብዙዎቻችሁ ተቀይማችሁናል። «ብር ፈልገው ነው» መባሉንም ሰምቻለሁ፤ አልደብቃችሁም፣ አሞኛል። እኔ ደሴ ፒያሳ፣ በረንዳ ላይ አባቴ በታይፕራይተር ማመልከቻ ሲጽፍ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያደግሁ ነኝ። የሚከፍለው ያጣ ሰው ከእሱ ደጅ ሳይጻፍለት ሲመለስ አላየሁም፤ ከእኔም ደጅ አልተመለሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለው ዘመዳችሁ በአይ-130፣ ማለትም ቤተሰብን ወደዚያ ለመውሰድ በሚሞላው ቅጽ፣ ባስገባላችሁ ፋይል ላይ ኢሚግሬሽን ተጨማሪ ማስረጃ ሲጠይቅ፣ መልስ የሚቀበለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ የልደት ካርድ፣ በወሩ የጋብቻ ወረቀት ማለት አይቻልም። ግማሹ ከተላከ በዚያው በግማሹ ይወስናል። የመልስ መስጫው ቀንም ቢበዛ 84 ነው፤ ለፖስታ ከምትታሰበው ጥቂት ቀን በቀር አይራዘምም። ጥድፊያችሁ ይገባኛል፤ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው።

አንዲት እናት ከወረኢሉ የልጃቸውን የክርስትና ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ሌላ ቦታ ያስተረጎሙትም አብሮ ነበር። ወረቀቱ ጥር 3 ቀን 1979 ይላል፤ ተርጓሚው 1979ን እንዳለ ገልብጦታል። በፈረንጅ ጃንዋሪ 11 ቀን 1987 ነው። ልጅቱ ስምንት ዓመት ተጨመረባት፣ ከፓስፖርቷም ጋር አልገጥም አለ። እሳቸውን «ይቆዩ» ባልል ምን ይሉኝ ነበር?

የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ካርዱ ዘግይቶ የወጣ ስለሆነ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ነው የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ እነሱ ከጠፉ ደግሞ ልደቱን በቅርብ የሚያውቁ የሁለት ሰዎች ቃለ መሐላ አምጡ የምላችሁ። ኒካሁ በሽማግሌ ፊት ታስሮ ወረቀት የሌለው ቤትም በወሎ ብዙ ነው፤ እሱን ማሰናዳት ጊዜ ይፈልጋል። በየትርጉሙ ግርጌ «ሙሉና ትክክል ነው፣ ቋንቋውንም እችላለሁ» ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ዋጋ መጨመራችን እውነት ነው። በ2014ቱ ጦርነት ዕቃችን ተወስዶ ከባዶ ስንጀምር እንኳ አልጨመርንም ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን የቀለሙንም የወረቀቱንም ዋጋ አልቻልነውም።

ሰልፍ ላይ ላቆየናችሁ፣ ስልክ ላላነሳንላችሁ ይቅርታ።

አብሽሩ፣ ቀናችሁ ከሦስት ሳምንት በታች የቀራችሁ ያለ ተራ ትገባላችሁ፤ ቅዳሜም ክፍት ነን። የመጣውን የጥያቄ ደብዳቤ ዋናውን ዘመዳችሁ እንዳይጥለው ንገሩት፤ ከመልሱ ፊት ተደርጎ የሚላከው እሱ ነው። ፋይላችሁን ተቆጥታችሁ የወሰዳችሁም ተመለሱ፤ ቅጂው አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ነው።

የድርጅቱ ባለቤት
ደሴ