የትምህርት ቤቶቻችን ጽዳት ልጆቻችንን አይጉዳ፦ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የትምህርት ቤቶች የጽዳት ዕቃ ግዥና አጠቃቀም ለሕፃናትና ለአካባቢ ጤና ተስማሚ እንዲሆን ስለመጠየቅ

የተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሁለት ተማሪዎች ወላጅና ለረጅም ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማርሁ መምህር በመሆኔ ነው። የምጠይቀው፣ የትምህርት ቤት የጽዳት ዕቃ በዋጋው ርካሽነት ብቻ መመረጡ ቀርቶ፣ ምን እንደሚገዛ፣ እንዴት እንደሚቀመጥና በምን ሰዓት ሥራ ላይ እንደሚውል የሚወስን መመሪያ ቢሮው እንዲያወጣ ነው።

ጉዳዩን አጥብቄ እንድይዝ ያደረገኝ በራሴ ልጅ ላይ የደረሰው ነው። ታናሿ ልጄ አስም አለባት። አንድ ጠዋት ተጠርቼ ትምህርት ቤቷ ስደርስ ከክፍሏ ደጃፍ ተቀምጣ መተንፈስ አቅቷት አገኘኋት። ተማሪዎቹ ከመግባታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የክፍሉ ወለል ውሃ ባልተጨመረበት በረኪና ተወልውሎ ነበር፤ መስኮቶቹም ለብርዱ ተብሎ እንደተዘጉ ነበሩ። የጽዳት ሠራተኛዋን አልወቅስም። ጓንት አልተሰጣትም፤ የጣቶቿ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ ምን ያህል በረኪና በምን ያህል ውሃ እንደሚበረዝ የነገራት ሰው እንደሌለም ገለጸችልኝ። በረኪናው የተቀመጠው ምንም ባልተጻፈበት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ነበር። ውሃ የጠማው የስድስት ዓመት ልጅ ያን ጠርሙስ ቢያገኝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማንም ወላጅ መንገር አያስፈልግም።

በረኪና ከትምህርት ቤት ጨርሶ ይውጣ አልልም። ተቅማጥና ትውከት በታየበት ቦታ፣ ደም በፈሰሰበት ወለልና በመጸዳጃ ቤት ተገቢው ሥራ አለው። ይሁን እንጂ በረኪና ጀርም ይገድላል እንጂ ቆሻሻ አያነሣም። ጭቃና ቅባት ባለበት ወለል ላይ ሲፈስ በውስጡ ያለው ጀርም ገዳይ ክሎሪን ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ስለሚጨርስ፣ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ያልታጠበ ወለል በበረኪና ቢጥለቀለቅም በሚገባ አይጸዳም። ሽንት በበዛበት መጸዳጃ ቤት ሲደፋ ክሎራሚን የሚባል ሳንባን የሚቆጣ ጋዝ ይወጣል፤ ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል። አንዳንድ ወላጆች ቀላል ነው በማለት የሚመክሩት አቼቶም አሲድ በመሆኑ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ መደባለቅ የለበትም። የክሎሪን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ሕፃናትም ለወለሉ የቀረቡ ናቸው፤ ከሰውነታቸው ክብደት አንጻር የሚስቡት አየርም ከአዋቂ ይበልጣል።

ልማዱ የበረታው፣ እንደማስታውሰው፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈቱ ነው። ያን ጊዜ ጥንቃቄው ተገቢ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ግን የበረኪና ሽታ የንጽሕና ምስክር ሆኖ ቀረ፤ የማይሸት ክፍል ያልጸዳ ይመስለን ጀመር።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ትልቁ ችግር የውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ያሉ ትምህርት ቤቶች መጸዳጃ ቤቱን ለማጠብ በቂ ውሃ ስለማያገኙ ሽታውን በበረኪና ለመሸፈን ይገደዳሉ። ስለዚህ ስለ ጽዳት ዕቃ የሚወጣ መመሪያ የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከርንና የዝናብ ውሃ መሰብሰቢያን ካላካተተ ግማሽ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ቆሻሻ ውሃው የሚሄድበትንም ማሰብ ይገባል። የፍሳሽ መስመር ባልተዘረጋበት ሰፈር ከግቢው የሚወጣው እጣቢ በቦይ አድርጎ ወደ ወንዝ፣ በመጨረሻም ወደ አቃቂ ወንዞች ይገባል፤ በአቃቂ ውሃ ደግሞ ለከተማችን ገበያ የሚቀርብ ጎመንና ሰላጣ ይለማል።

ለአካባቢ ተስማሚ የሚባለው ሁሉ ግን በስሙ ብቻ መታመን የለበትም። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ተነሥተው፣ ተክሉ ቢልሃርዚያ የተባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳይተዋል። ይኸው ኃይሉ ግን ዓሣንም ይገድላል፤ ፍሬውም ቢበላ መርዝ ነው። የተፈጥሮ ስለሆነ ብቻ በትምህርት ቤት ይፈቀድ ማለት አይቻልም። የሚያስፈልገን፣ ይዘቱ በግልጽ የተጻፈ፣ ሽቶ ያልበዛበት፣ ፎስፌት (ወንዝና ሐይቅ ውስጥ አረም የሚያበዛ ንጥረ ነገር) የሌለውና በተፈጥሮ ቶሎ የሚበሰብስ ፈሳሽ ሳሙና ለዕለት ጽዳት እንዲገዛ ነው።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2005 ትምህርት ቤቶች ለጤናና ለአካባቢ የተሻሉ የጽዳት ዕቃዎችን እንዲጠቀሙ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቷል፤ የኢሊኖይ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2007 ተከትሎታል። እኛ በቅድሚያ የሚያስፈልገን አዲስ ሕግ ሳይሆን በጨረታ ሰነዱ ውስጥ የሚገባ ጥቂት መስመር ዝርዝር መግለጫ ነው፤ መግለጫውንም ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ጋር ማዘጋጀት ይቻላል። ስለ ዋጋም ቢሆን፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈ በረኪና ለተራ ገጽታ ማጽጃ 1 ኩባያው በ49 ኩባያ ውሃ፣ ደም ለፈሰሰበት ቦታ ደግሞ በ9 ኩባያ ውሃ መበረዝ ሲኖርበት፣ ሳይበረዝ እየፈሰሰ የሚባክነው ብቻ ቢድን ለተሻለው ሳሙና የሚጨመረውን ወጪ ቢያንስ በከፊል ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ።

ስለሆነም ቢሮው ከመጪው መስከረም በፊት ለሁሉም ትምህርት ቤቶች ሰርኩላር እንዲያስተላልፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በረኪና በመጀመሪያው ዕቃው ብቻ፣ ስሙ እንደተጻፈበት፣ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ፤ ክፍሎች ተማሪዎች ከወጡ በኋላ መስኮት ተከፍቶ ይጽዱ፤ የክፍል ተረኛ ተማሪዎች ከመጥረግ ያለፈ፣ ኬሚካል የሚነካ ሥራ አይሰጣቸው። ለጽዳት ሠራተኞች ጓንትና የአንድ ቀን ሥልጠና ይሰጥ፤ የማበረዣው ልክ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ማንበብ ለማይችሉም በሥዕል ተዘጋጅቶ በየመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ። ይህን ሠሌዳ ያለ ክፍያ ለማዘጋጀትና ሥልጠናውንም ለመስጠት እኔና የሙያ ባልደረቦቼ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር፣
የተማሪዎች ወላጅና የኬሚስትሪ መምህር