ሦስት ገዥ፣ አንድ ማኅተም፦ የታሪክ ክበባችን ዓመት

«የጆርጂያ የድሮ ምርጫ ለእኛ ልጆች ምን ይረባቸዋል?» ብለው የጠየቁኝ ወላጅ ነበሩ። ልጆቹ የሚያድጉት አትላንታ ነው፤ ነገ ድምፅ የሚሰጡትም እዚሁ ነው። የምንወያየውም በአማርኛ ስለሆነ ከቅዳሜው ትምህርት የጎደለ ነገር የለም።

ዘንድሮ የያዝነው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ1946ቱን የገዥ ምርጫ ነው። ጥቁሮችን የፓርቲው እጩ ከሚመረጥበት ቅድመ ምርጫ አስወጣለሁ ብሎ የተወዳደረው ዩጂን ታልማጅ አሸነፈ፤ ሥልጣን ሳይረከብ ግን ሞተ። ሕመሙን ያወቁ ደጋፊዎች የልጁን የኸርማንን ስም በድምፅ መስጫው ላይ በእጃቸው ጽፈው ስለነበር፣ ምክር ቤቱ ልጁን ሾመ። ነባሩ ገዥ ኤሊስ አርናል አልለቅም አለ። ተመራጩ ምክትል ገዥ ሜልቪን ቶምፕሰንም ወንበሩ የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። የግዛቱ ጸሐፊ ቤን ፎርትሰን ደግሞ የመንግሥቱን ማኅተም በተሽከርካሪ ወንበሩ ትራስ ሥር ሸሽጎ ቁጭ አለበት! በማርች 1947 ፍርድ ቤት ለቶምፕሰን ፈረደ።

ስብሰባዎቹ እንደ ወትሮው አለፉ፤ ሁለቱ በበረዶ ቀርተዋል።

የማልረሳው ወርቃማ ጉልላት ወዳለው የግዛቱ ምክር ቤት የሄድንበትን ቀን ነው። በታልማጆች አገር በቴልፌር አውራጃ፣ ቆጠራው ካለቀ በኋላ 58 ድምፅ «ተገኘ» ተብሎ የኸርማን 617 ድምፅ 675 ሆኖ ነበር፤ ምክር ቤቱ ከሚመርጥባቸው በሕይወት ካሉት ተፎካካሪዎች መካከል ከሦስተኛነት ወደ አንደኛነት አወጣው። ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ እኔው የፈጠርኩትን የመራጮች ዝርዝር አደልኩና «ምን ይሸታችኋል?» አልኩ። ሀብታሙ፣ ለማ፣ ሐረገወይን፣ መሠረት፣ ሠናይት፣ ረታ… ትልልቆቹ ፊርማ ሲመረምሩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሀንና ሐን መለየት ያቃታት ትንሿ ልጃችን ጣቷን በስሞቹ ላይ እያስኬደች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ድንገት ቀና ብላ፣ «መምህር፣ ሰዎቹ በሀ ሁ ተራ ነው እንዴ የተሰለፉት?» አለችኝ። ጋዜጠኛው ጆርጅ ጉድዊን በቴልፌር የደረሰበትም ይህንኑ ነበር፤ መራጮች በፊደል ተራ፣ ከመካከላቸውም ሙታን። በዚህ ዘገባው የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። እኔ ግን ፊቴን ወደ ጉልላቱ አዙሬ እንባዬን ጠረግሁ።

ሁለተኛው ጉዞ ግን አልተሳካም። በአባቶች መኪና የሚሄደው ሕፃን የተወሰነ ነው፤ ለበዓል ድግስ የማይጠፋው ገንዘብ ለአንድ ቀን አውቶቡስ ለምን እንደሚጠፋ ኮሚቴው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ሁለት አውቶቡስና አንድ የራሳችን ፕሮጀክተር ነው። የልጅቷ ዝርዝር ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማጣበቂያው ከኪሴ ነው።