ግልጽ ደብዳቤ፦ «ዋሹ» ያለ ሲወጣ፣ የዋሸ ሲቀመጥ

ለክቡር ሰር ሊንዚ ሆይል
የብሪታኒያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ
ለንደን

ክቡር አፈ ጉባኤ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ስኮትላንድ ነው። ግብር እከፍላለሁ፣ በምርጫ ቀንም ተሰልፌ ድምፅ እሰጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ለቢሮዎ በእንግሊዝኛ እልካለሁ። እዚህ በአማርኛ ያወጣሁት፣ ምክር ቤታችሁን በቴሌቪዥን እያየን ቡና ላይ የምንነታረክ ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጉዳዬ አንዲት ደንብ ናት። አንድ የምክር ቤት አባል ሌላውን «ሆን ብለህ ዋሽተኸናል» ካለ፣ ቃሉን እንዲያነሳ ይታዘዛል። እምቢ ካለ ውጣ ይባላል። ዋሸ የተባለው ሰውዬ ግን እግሩን አነባብሮ እንደተቀመጠ ነው። የሚጠይቀው የለም።

የዚህች ደንብ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚሉኝ ታም ዲዬል ናቸው። ከ1962 እስከ 2005 ድረስ፣ ለ43 ዓመት ያህል፣ ስኮትላንድ ውስጥ መጀመሪያ የዌስት ሎዚያን ቀጥሎም የሊንሊዝጎ ተወካይ ነበሩ። የባላባት ልጅ ናቸው። ኢተን ተማሩ፣ ካምብሪጅ ገቡ፣ እዚያም የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኑ። ከ1956ቱ የስዌዝ ቦይ ቀውስ በኋላ ግን ወደ ሌበር ፓርቲ ዞሩ። የባሮኔት ማዕረግ ወርሰዋል፤ «ሰር» በሉኝ ሲሉ ግን አልተሰሙም። ሚኒስትርም ሆነው አያውቁም። በ1982 ብሪታኒያ ከአርጀንቲና ጋር የገጠመችውን የፎክላንድን ጦርነት ሲቃወሙ የራሳቸው ፓርቲ መሪ ማይክል ፉት ከተቃዋሚው የፊት ወንበር፣ ማለት ከፓርቲው ቃል አቀባይነት፣ አነሷቸው።

ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በ1977 ባነሱት ጥያቄ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ምክር ቤት ከኖራት፣ እኔ እንግሊዝ ውስጥ ላንካሺር ስላለችው ብላክበርን ድምፅ እየሰጠሁ በራሴ ምርጫ ክልል ስላለችው ብላክበርን መስጠት አልችልም፤ ይህ እንዴት ይሆናል አሉ። እስከ ዛሬ የረባ መልስ አላገኘም። በ2015 ለእንግሊዝ ተወካዮች የተለየ የድምፅ አሰጣጥ ተሞከረ፣ በ2021 ተሰረዘ። ይህን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

እኔን የያዘኝ የቤልግራኖ ነገር ነው። ሜይ 2 ቀን 1982 «ኮንከረር» የተባለው የእንግሊዝ ሰርጓጅ የአርጀንቲናን የጦር መርከብ «ጄኔራል ቤልግራኖ»ን በቶርፒዶ መትቶ አሰመጠ። 323 ሰው አለቀ። ከሁለት ቀን በኋላ የመከላከያ ሚኒስትሩ ጆን ኖት፣ መርከቧ ወደ እንግሊዝ ጦር እየተጠጋች እንደነበር ለምክር ቤቱ አስረዱ። በኋላ የወጣው ግን ሌላ ነው። ቤልግራኖ ፊቷን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አገሯ አዙራ ለሰዓታት ስትጓዝ ነበር። ማስመጡ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። የመርከቧ ካፒቴን ራሳቸው ከዓመታት በኋላ የጦርነት ወግ ነው ብለዋል። ዲዬልን እንቅልፍ የነሳቸው ለምክር ቤቱ የተነገረው ነገር እውነት አለመሆኑ ነው።

እንደ መዥገር ተጣበቁበት። በቃል ጠየቁ፣ በጽሑፍ ጠየቁ፣ ደብዳቤ ላኩ። በ1984 መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያዘጋጁት ክላይቭ ፖንቲንግ፣ መልሱ ለማሳሳት እየተቀመመ መሆኑን አዩ። ሁለት ሰነዶች ፖስታ ውስጥ ከተው፣ ስማቸውን ሳይጽፉ ለዲዬል ላኩ። ዲዬል ለጋዜጣ አልሰጡም፤ ለምክር ቤቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ አስረከቡ። ሰነዱ ተመልሶ የት እንደደረሰ ልንገርዎ? መከላከያ ሚኒስቴር! ፖንቲንግ ሚስጥር በማውጣት ተከሰሱ። ዳኛው፣ የሕዝብ ጥቅም ማለት መንግሥት ጥቅም ነው ያለው ነው ብለው መመሪያ ሰጡ። ተራ ዜጎች የሆኑት ዳኝነት ተቀማጮች ግን በፌብሯሪ 1985 በነጻ አሰናበቷቸው።

በእነዚያ ዓመታት ዲዬል ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸርን ፊት ለፊት ውሸታም ብለው ከአንድ ጊዜ በላይ ከአዳራሹ ተባረዋል። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይሏል እንዲህ ነው። እኚሁ ሰው ከ2001 እስከ 2005 ደግሞ ረጅም ያገለገለ አባል የሚጠራበትን «የምክር ቤቱ አባት» የሚለውን ስም ያዙ።

ጻድቅ ነበሩ እያልኩ አይደለም። መርከቧ የሰመጠችው የፔሩን የሰላም ሐሳብ ለማጨናገፍ ነው ያሉትን ማረጋገጥ አልቻሉም። በ2003 ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር አይሁዳውያን አማካሪዎች የተናገሩት አስነዋሪ ነበር፤ ተገቢውን ወቀሳም አግኝተውበታል። ግትር ሰው ሲሳሳትም በግትርነት ነው። ለዚህም ነው ከሳሽም ተከሳሽም የሚመረመርበት በር ያስፈልጋል የምለው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ነው እንዳይሉኝ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 2022 ወንበሩ ላይ የነበሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሌላው የስኮትላንድ ተወካይ ኢያን ብላክፈርድ፣ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን ሆን ብለው ምክር ቤቱን አሳስተዋል አሉ። እርስዎ «ሳያስቡት» የምትል ቃል እንዲጨምሩ ደጋግመው ጠየቋቸው። ለማስታረቅ ብለው እንደሆነ ይገባኛል፤ ድምፅዎ ውስጥ ልመና ነበረበት። ሰውየው ግን የመውጫ ትእዛዝዎን ሳይጨርሱ ብድግ ብለው ወጡ። ጆንሰን ተቀመጡ።

ጁን 2023 የምክር ቤቱ የመብት ኮሚቴ መርምሮ፣ ጆንሰን ሆን ብለው ምክር ቤቱን እንዳሳሳቱ ደመደመ። ምክር ቤቱም በ354 ድምፅ ለ7 አጸደቀው። እንግዲህ ብላክፈርድ የተባረሩባት ቃል ከአንድ ዓመት በላይ ቆይታ የምክር ቤቱ የራሱ ውሳኔ ሆነች ማለት ነው።

ክስ ያለው አባል የውሳኔ ሐሳብ አቅርቦ መከራከር ይችላል እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነገር ግን የምክር ቤቱን ሰዓት በአብዛኛው የሚቆጣጠረው መንግሥት ነው። ከሳሽ የመክሰሻ ቀን የሚለምነው ተከሳሹን ነው ማለት ነው።

ውሸታም እየተባባሉ አዳራሹ የሰካራም መጠጥ ቤት ይምሰል አልልም። ቃሉን አላነሳም ያለ ይውጣ፣ ግድ የለም። ግን በወጣ ጊዜ ክሱ በቀጥታ ወደ መብት ኮሚቴው ይመራ። ሚኒስትሩም በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጡ። ክሱ መሠረተ ቢስ ከሆነ ከሳሹ በአደባባይ ይቅርታ ይጠይቅ፤ እውነት ከሆነ ደግሞ የመባረሩ ውሳኔ ከመዝገቡ ላይ ይታረም።

ደንቡን ብቻዎን መቀየር እንደማይችሉ አውቃለሁ። ጉዳዩን ወደ ምክር ቤቱ የአሠራር ኮሚቴ መምራት ግን የእርስዎ አንድ ደብዳቤ ነው። ከበጋው ዕረፍት በፊት ይጽፉልን ይሆን? አዎ ወይም አይ የሚል መልስ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ስኮትላንድ ነዋሪ የሆንኩ አንድ መራጭ