የበልግ ዝናብ ሳይገባ ለድንጋዩ ቤት እንድረስለት

ውድ የደሴ ልጆች፣ በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የሰፈራችንን የድንጋይ ቤት ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ ኳስ ያልለጋ፣ ዝናብ ሲጥል በረንዳው ላይ ያልተጠለለ ልጅ ጥቂት ነው። ዛሬ ጣሪያው ተበሳስቷል። በአንዱ ማዕዘን ቆርቆሮው ተገንጥሎ ውኃው ግድግዳው ውስጥ እየሰረገ ነው። እጃችሁን እንድትዘረጉልን ነው የጻፍነው።

ቤቱ የተሠራው ለጦር ነው። ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። ቦምቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል እንኳ አልማረም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ከተማዋን ያዘ፤ እስከ ሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ቆየ። አባቶች እንደነገሩን ቤቱን ያቆመው በዚያ መሀል ነው፣ ለስንቅና ለጥይት መጋዘን። ግድግዳው የወፈረው፣ መስኮቶቹም ጠበው ከፍ ያሉት ለዚሁ ነው።

«ጠላት የሠራውን ለምን እናድሳለን? ይፍረስ እንጂ» የሚሉ ወንድሞች አሉን። ቁጣቸው ይገባናል። እኛ ግን አንስማማም። ድንጋዩን የጠረቡትና የተሸከሙት የእኛው አባቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ያየውም የእኛን ኑሮ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ የእኛ ወታደሮች ገቡበት። ኋላ የእህል መጋዘን ሆነ፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲፈጅ የእርዳታ እህል የተራገፈው እዚህ ነው። በደርግ ጊዜ የቀበሌ መሰብሰቢያ ነበር፤ የታሰሩበትም አሉ። ስለዚያ ማውራት የማይፈልጉ ጎረቤቶች ስላሉን እዚህ ላይ አናበዛም።

የ2013ን ክረምት ግን ማንም አልረሳውም። ከቆቦ፣ ከወልድያ፣ ከመርሳ የተፈናቀለው ወገን ትምህርት ቤቶቻችንን ሲሞላ፣ እናቶች ከነልጆቻቸው እዚህ ወለል ላይ አደሩ። የሰፈሩ ሴቶች ያላቸውን እንጀራ እያካፈሉ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይባል፣ ብርድ ልብስ ከየቤቱ ወጣ። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ እንግዳውም ባለቤቱም አብሮ ተሰደደ። ስንመለስ በሮቹ ተነቅለው አገኘናቸው። የደሴ ሙዚየምም የተዘረፈው ያኔ ነው። በየቤቱ የተረፈውን ፎቶ፣ ደብዳቤና የአያት ዕቃ የምናስቀምጥበት አንድ ክፍል እዚህ ቤት ውስጥ እንዲኖር የወሰንነው በዚሁ ምክንያት ነው። ትልቁ አዳራሽ የተማሪዎች ማንበቢያ ይሆናል፤ ቅሬውም፣ ማለትም የሰፈሩ እድር፣ ይሰበሰብበታል።

ስለ እድሳቱ አንድ ነገር ልብ በሉልን። ቶሎ እንዲያልቅ ብለን ግድግዳውን በሲሚንቶ አንለስነውም። ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል። ከዚያ ሻጋታው ይመጣል፣ ልስኑ ይነሳል፣ ድንጋዩም ይላላል። በዚህ ምክንያት የከፋ ጉዳት የደረሰባቸው ቤቶች በከተማችን አይተናል። ኖራ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በውኃ ተበጥብጦ ሳምንታት መቀመጥ አለበት፣ ከተለሰነም በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ደሴ ላይ ደግሞ በልግ ገና በየካቲት መጨረሻ ሊጀምር ይችላል። የቸኮልነው ለዚህ ነው።

የምንፈልገው ቆርቆሮ፣ የጣሪያ እንጨት፣ ኖራ፣ አሸዋ፣ ሁለት በር፣ የመስኮት መስታወትና የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ለግንበኛውና ለአናጢው እንከፍላለን፤ የቀረውን ጉልበት የሰፈሩ ወጣት በደቦ ይሸፍናል። ገንዘብ የሌለው አንድ ቆርቆሮ ቢሰጥ፣ እሱም ካልሆነ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ድንጋይ ቢያቀብል ትልቅ ነገር ነው። ውጭ ያላችሁ ደግሞ መጻሕፍት ብትልኩ ማንበቢያው ባዶ አይከፈትም።

ገንዘቡን የሚይዘው የሰፈሩ ቅሬ ነው። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ ምንም አይወጣም። ለእያንዳንዱ ስጦታ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የገባውና የወጣው በየወሩ በቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሩቅ ያላችሁ እዚህ ባሉት ቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩ፤ ደረሰኙ በስማችሁ ይጻፋል።

ግንበኛው ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ እየጠበቀን ነው። መጀመሪያ የሚገዛው የጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እስከዚያ የተሰበሰበው በሙሉ ለእሱ ይውላል።