ከአእምሮ ሕክምና በወጡ ማግስት የሚጠይቃቸው ሰው ላጡ ወገኖች፦ የድጋፍ ጥሪ

ወንድሜ ከሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የወጣው ማክሰኞ ቀን ነበር። ሳምንታት ተኝቶ ታክሟል። ሲወጣ ፊቱ ተመልሷል፣ እንቅልፉ ተስተካክሏል፣ እንደ ድሮው ያጫውተናል። ዘመድ ተሰበሰበ። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ተባለ። እኛም እፎይ አልን። በእጁ አንድ ፌስታል መድኃኒትና የቀጠሮ ወረቀት ይዟል። ቀጠሮው ከ6 ሳምንት በኋላ ነው።

ረቡዕ ጠዋት እናታችን ሥራዋ ገባች። እኔም ሥራዬ ገባሁ። ወንድሜ ቤት ውስጥ ብቻውን ቀረ።

ይህን ጥሪ የምጽፈው ስለዚያ ረቡዕ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መድኃኒቱን አቆመ። አልነገረንም። አፉ ይደርቅበታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቀኑን ሙሉ ሰውነቱ ይከብደዋል። «ድኛለሁ፣ ታዲያ ለምን እወስዳለሁ?» ብሎ ለራሱ ወሰነ። እኛ ደግሞ ዝም ማለቱን እንደ ሰላም ቆጠርነው። ቀጠሮው ሳይደርስ አገረሸበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ወንድሜ ዛሬ በሕይወት ያለው፣ ጎረቤታችን በሰዓቱ ስለደረሰለት ነው።

ማንንም ልከስ አይደለም። የሐኪሞቹን ድካም በዓይኔ አይቻለሁ። ቤተሰቡም ከልቡ ይወደዋል። ግን ከሆስፒታሉ በር እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ባለው መንገድ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው እንኳ «መድኃኒቱ እንዴት እያደረገህ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ፣ አፉ መድረቁን ይናገር ነበር። ሐኪሙም መጠኑን ያስተካክልለት ወይም ይቀይርለት ነበር። የጎደለው ይሄ ብቻ ነበር።

ይህ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአእምሮ ሕክምና ክፍል የወጣ ሰው ራሱን የማጥፋት አደጋው ከፍ የሚለው ከወጣ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታትና በ3 ወራት ውስጥ መሆኑን፣ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። እኛ የምናስበው ግን ተቃራኒውን ነው። «ወጣ» ስንባል «ዳነ» ብለን እንሰማለን። ጠያቂ የሚበዛው ተኝቶ ሳለ ነው። ቤቱ ሲገባ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 727,000 ያህል ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል። ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር የማስበው ያንን ፌስታል ይዞ ቤቱ ብቻውን የተቀመጠውን ሰው ነው።

ጄሮም ሞቶ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይህን ክፍተት ያየው ከ50 ዓመት በፊት ነው። በድባቴ (ዲፕሬሽን) ወይም ራስን በማጥፋት ሐሳብ ምክንያት ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ሰዎች መካከል ክትትሉን ያልቀጠሉ 843 ሰዎችን ለየ። በዕጣ ለሁለት ከፈላቸው። ለአንደኛው ቡድን በየጊዜው አጭር ደብዳቤ ይላክለት ጀመር። ደብዳቤው ምክር የለበትም። ቀጠሮ የለበትም። ከተለያዩ ጊዜ እንደሆነ ያነሳል፣ ደህና እንደሆኑ ተስፋ ያደርጋል፣ መልስ መጻፍ ከፈለጉ ደስ እንደሚል ይነግራቸዋል። በቃ። ይህ ለ5 ዓመት ቀጠለ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታተም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ደብዳቤ ይደርሳቸው ከነበሩት መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ከሌላው ቡድን ያነሱ ሆነው ተገኙ። በኋላ የተደረጉ መሰል ሙከራዎች ሁሉ እኩል ውጤት አላመጡም፣ ይህንንም መናገር አለብኝ። ግን እኔ ይህን ታሪክ የሰማሁ ቀን አለቀስኩ። እኛ ቤት አንድም ደብዳቤ አልመጣም፣ አንድም ስልክ አልተደወለም።

ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር የተሰባሰብነው ከዚያ በኋላ ነው። የተዋወቅነው በቀጠሮ ቀን ወረፋ ላይ ነው። አስታማሚ አስታማሚን በዓይኑ ይለያል፤ ቦርሳውን አጥብቆ የያዘው፣ በሩን ቶሎ ቶሎ የሚያየው እሱ ነው። ቀስ በቀስ ታክመው የተሻላቸው ሰዎችም ተቀላቀሉን። አንድ የአእምሮ ጤና ነርስና አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ በትርፍ ጊዜያቸው ያግዙናል።

ሥራችን ሲያወሩት ትንሽ ይመስላል። አንድ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ፣ እሱ ከፈቀደ፣ በማግስቱ እንደውልለታለን። ከዚያ በየሳምንቱ በታወቀ ቀን ያው አንድ ሰው ይደውላል። ዛሬ አንዱ ነገ ሌላው አይደለም። ድምፁን ይለምደዋል፣ ቀኑን ይጠብቀዋል። ስልክ የሌለው ከሆነ ቤቱ ሄደን እንጠይቀዋለን።

የምንጠይቀው የተራ ሰው ጥያቄ ነው። ተኛህ? በላህ? ከቤት ወጣ ብለሃል? መድኃኒቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም። ለውጡ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የጎንዮሽ ችግሩ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰውየው መጀመሪያ የሚያየው ጉዳቱን ብቻ ነው። ጥቅሙ ገና መንገድ ላይ ነው። ይህን ቀድሞ ካልሰማ «ይሄማ አልሆነኝም» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም። በሁለተኛው ሳምንት ላይ የሚደወል አንድ ስልክ ብዙ ነገር የሚያድነው ለዚህ ነው። ደዋያችን የሕክምና ምክር አይሰጥም፤ «ለሐኪምህ ሳትነግር አታቁም፣ ከፈለግህ አብረን እንንገረው» ይላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በተዋስነው ክፍል ውስጥ እንገናኛለን። ማውራት የፈለገ ያወራል። ዝም ማለት የፈለገ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካካውም። አስታማሚዎች ደግሞ የራሳቸው ሰዓት አላቸው። ይህኛውን አደራ እንዳትንቁት። ለዓመታት ያስታመመ ሰው «ደክሞኛል» ማለት እንደ ክህደት ይመስለዋል። የታመመው ልጁ ነው፣ እህቱ ናት፣ ባሏ ነው። እንዴት ደከመኝ ይባላል? እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ይባላል። አንዳንዱ ለማንም ያላወጣውን እዚያ ያወጣል። ተቀምጦ የሚሰማውም «እኔ ብቻ ነኝ ያልኩት ለካ…» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እናቴ ከዚያ ክፍል ስትመለስ የሚኖራት ፊት ሌላ ነው።

የማናደርገውንም ልንገራችሁ። ሐኪም አንተካም። መድኃኒት አናዝም፣ አናስቆምም። አደጋ ካየን ወዲያው ወደ ሕክምና እናደርሳለን፣ እስኪደርስም አብረነው እንቆያለን። ደዋዮቻችን «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በግልጽ መጠየቅ ይማራሉ። ይህ ብዙ ሰው ያስፈራዋል። እኔንም ያስፈራኝ ነበር፤ ሐሳቡን እኔ የማመጣበት ይመስለኝ ነበር። ጥናቶች የሚሉት ግን ሌላ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። እንዲያውም ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል።

«ባለሙያ ያልሆነ ሰው ግን ምን ሊፈይድ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ዚምባብዌ ውስጥ አግኝቼዋለሁ።

ዲክሰን ቺባንዳ በአገሪቱ ካሉት ጥቂት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አንዱ ነው። አንዲት ወጣት ታካሚው ወደ ሆስፒታል የምትመጣበት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ቀረች፣ በኋላም ራሷን አጠፋች። ይህን ራሱ በአደባባይ ተናግሮታል። ሐዘኑ ዝም ብሎ አላስቀመጠውም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በሚባለው ሰፈር 14 አያቶችን ይዞ ጀመረ። ሐኪም አይደሉም፤ የሰፈሩ ሰው የሚያውቃቸውና የሚያከብራቸው ሴቶች ናቸው። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። የከፋው ሰው ይመጣል፣ አያት አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ያወራሉ። ችግሮቹን ዘርዝረው አንዱን ይመርጣሉ፣ እሱን እንዴት እንደሚፈታ አብረው ያስባሉ። «ድባቴ» የሚለውን የሐኪም ቃል እንኳ አይጠቀሙም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ አበዛ» አይደል የምንለው?

በኋላ በ573 ሰዎች ላይ ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከ6 ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ገና ያልለቀቃቸው፣ አያቶቹ ካነጋገሯቸው መካከል 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ግን 50 በመቶ ገደማው አልተሻላቸውም።

እነዚያ አያቶች ግን በደግነት ብቻ አልተቀመጡም። ሠልጥነዋል። ከኋላቸው የሚያማክራቸው ባለሙያ ነበር። የእናንተ ገንዘብ በዋናነት የሚሄደውም እዚህ ላይ ነው።

የሰውን ጭንቀት በየሳምንቱ የሚሰማ ሰው ራሱም ይጎዳል። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ጥሪ አለ። «ልክ ተናገርኩ ይሆን?» እያለ የሚብሰለሰልበት አለ። ደዋዮቻችን በወር ሁለቴ ከባለሙያዋ ጋር ተቀምጠው የገጠማቸውን ያወራሉ። እሷ ትሰማቸዋለች፣ ታርማቸዋለች፣ «ይሄን ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ይየው» ትላቸዋለች። ይህ ከሌለ ሥራው አደገኛ ነው፣ እኔ በበኩሌ እንዲቀጥልም አልፈልግም። እስካሁን ይህን ያደረገችው በነፃ ነው። የሰው ደግነት ላይ ለዘላለም መደገፍ ግን አይገባም። ለጊዜዋ ልንከፍላት እንፈልጋለን። አዲስ ደዋዮችን ማሠልጠንም አለብን።

ሁለተኛው የትራንስፖርት ገንዘብ ነው። ስለ ቺባንዳ ታካሚ ካነበባችሁ በኋላ ብዙ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። ቀጠሮ የሚቀረው ሁልጊዜ ሰው ስለረሳ ወይም ስለሰነፈ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሄድበት ገንዘብ ስለሌለው ነው። መድኃኒቱ ያለበት ቦታ ሩቅ ሆኖ፣ አስታማሚም አብሮ መሄድ ሲኖርበት፣ ወጪው እጥፍ ይሆናል።

የቀረው የስልክና የክፍል ኪራይ ነው። የተዋስነውን ክፍል ባለቤቱ በቅርቡ ለራሱ ይፈልገዋል።

«ይህን መንግሥት አይሠራውም ወይ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። ቢሠራው ደስ ይለናል። ግን በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት አገሮች ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚያውሉት በአብዛኛው 2 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያም ላይ ብዙው ለሆስፒታል ይሄዳል። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ለገባ ሰው የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የምንለምናችሁ አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። በየወሩ የምትሰጡት ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ምክንያቱን ላስረዳ። ለ3 ወር ደውሎ የሚጠፋ ሰው ባይደውል ይሻል ነበር። የታመመው ሰው «እነሱም ሰለቹኝ» ነው የሚለው። ስለዚህ አንድ ደንብ አውጥተናል፦ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ገንዘብና ደዋይ ሳናረጋግጥ አዲስ ሰው አንቀበልም። ይህ ደንብ ልብ ይሰብራል፣ ምክንያቱም በራችንን እያንኳኳ የሚጠብቅ ሰው አለ። ግን አናፈርሰውም። በሩን መክፈት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ወጪ የሚደረገው በሁለት ሰዎች ፊርማ ነው። በየ3 ወሩ የገባውንና የወጣውን ዘርዝረን ለእያንዳንዱ ለጋሽ እንልካለን። የምንረዳቸውን ሰዎች ፎቶ ግን አንልክም። ስማቸውንም አንጠራም። ሰው እርዳታ ስላገኘ ፊቱን ለሰው ማሳየት የለበትም።

ገንዘብ የሌላችሁም አላችሁ፣ እናውቃለን። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚሆን ክፍል ያለው ይንገረን። በሳምንት አንድ ሰዓት መስጠትና ሳያቋርጡ መዝለቅ የምትችሉ ለሥልጠናው ተመዝገቡ። ሰው የምትቀጥሩ ከሆነ፣ ታክሞ የተሻለው ሰው በግማሽ ቀን እንዲጀምር ዕድል ስጡ። ለብዙዎቹ ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት ቦታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ይህን እያነበባችሁ የከበዳችሁ ራሳችሁ ከሆናችሁ፣ ከእናንተ ምንም አንጠብቅም። ቅዳሜ ብቻ ኑ። ሕይወታችሁን ስለማጥፋት እያሰባችሁ ከሆነ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ። አሁኑኑ አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ፣ ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሕክምና ሂዱ።

ወንድሜ ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አንብቦታል። ሁለት ቦታ አርሞኝ «ይሁን፣ ላኪው» አለኝ። መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ክትትሉን አላቋረጠም። ባለፈው ዓመት ሠልጥኖ ከደዋዮቻችን አንዱ ሆኗል። ቀኑን ራሱ መረጠ፤ ረቡዕ ጠዋት። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሚደውልላቸው ሰዎች ስም አለ። ከስሩ መስመር አስምሮ፣ ገና ያልተቀበልናቸውን ሰዎች ስም ጽፏል። በወር የምትችሉትን ለመስጠት የወሰናችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ላደረሳችሁ ሰው «እኔም አለሁ» በሉት። ከሒሳብ ያዣችን ጋር ያገናኛችኋል። እኛም ከመስመሩ በታች ካሉት የመጀመሪያውን ስም ወደ ላይ እናወጣለን።